ተሸልሜ ወጣሁ

ጥቅምት 3

ለተከበሩ አክስቴ፣

እንደምን ከርመዋል? ጤናዎ፣ ጉልበትዎ፣ እንቅልፍዎ ሁሉ ደህና ነው ወይ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን፤ የታመመው ጣሪያው ብቻ ነው፤ ሲዘንብ ያለቅሳል። ፈጣሪ ዕድሜዎን እንደ ክር ጥቅል ያርዝመው፣ አንድም ቦታ ሳይቋጠር።

እስከዚህ ድረስ እናቴ አጠገቤ ቆማ ነው ያስጻፈችኝ። «እርስዎ በያቸው፣ ቀስ ብለሽ ጻፊ፣ አደራ አፍሽን እንዳትከፍቺ» ብላኝ አሁን ወደ ጓዳ ገባች። ከዚህ በታች ያለው የራሴ ነው።

አያውቁኝም። እኔ የእናትዎ እህት የልጅ ልጅ ነኝ። ስወለድ እርስዎ ከሄዱ ስንት ዘመን ሆኖዎት ነበር። ሰፈር ውስጥ ክብሪት ይሉኛል፤ ለምን እንደሆነ ትንሽ ሲያነቡ ይገባዎታል። የምሠራው ወንድምዎ ጋር፣ ልብስ ስፌት ቤቱ ውስጥ ነው። ጋሼ ሰፊው ነው የምንላቸው። እንደ ሜትር ቀጥነው ሰፊው መባላቸው ሁልጊዜ ያስቀኛል። እኔ ቁልፍ እተክላለሁ፣ ጠርዝ አጥፋለሁ፣ እተኩሳለሁ፣ ደንበኛ ሲነዘንዝም እመልስለታለሁ። መመለሱን ጋሼ አይወዱትም።

ትምህርት ቤት የማልሄደው በእርስዎ ምክንያት ነው። አይደንግጡ፣ ልንገርዎት።

የእርስዎን ታሪክ ያልሰማ ልጅ እዚህ ሰፈር አልተወለደም። ከዓለም ሁሉ ቆንጆ ቆንጆዎቹ ባሕሩ አጠገብ ባለ ትልቅ ሆቴል ተሰበሰቡ፤ የእኛዋ ጋሼ የሰፉላትን ልብስ ለብሳ ሄደች፤ ዓለምን ጉድ አሰኝታ «ተሸልሜ ወጣሁ» የሚል ቴሌግራም ላከች። ቴሌግራሙ መስታወት ገብቶ ሱቁ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። የሱቁ ስም ራሱ «ሽልማት ልብስ ስፌት» ነው። እርስዎንም በስምዎ የሚጠራ የለም፤ «የዓለሟ» ነው የሚሉዎት። እኔ ደግሞ ቁርጥ እርስዎን ነው የምመስለው አሉ፤ ብጉሩን ከተዉልኝ።

እና አንድ ቀን ክፍል ውስጥ የፎቶ ቤቱ ሰውዬ ልጅ ዞር ብላ፣ «ያክስትሽ ዘውድ የታለ?» አለችኝ። «አባቴ ጋ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ፎቶ አለ፤ እሷ ዘውድ ጭና ግን የለችም። የመጨረሻ ወጥታ ይሆናላ። አፍራ ነው የቀረችው።» እጄ ላይ የኮምፓስ ቆርቆሮ ነበር። እንዴት እንደበረረ አላውቅም። የፊት ጥርሷ ጫፉ ሄደ።

ርዕሰ መምህሩ «ሰልፍ ላይ፣ በተማሪው ሁሉ ፊት ይቅርታ ጠይቂያትና ክፍልሽ ግቢ» አሉኝ። «እውነቱ የኔ ነው፤ ይቅርታውም የሚገባው ለኔ ነው» አልኩና ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ወጣሁ። ያው እንደወጣሁ ነኝ። በሩ ክፍት ነው ብለዋል፤ የጎደለው ይቅርታው ብቻ ነው።

ስለዚህ የምለምንዎት ገንዘብ አይደለም፣ ጫማም አይደለም። ዘውድ የጫኑበትን ፎቶ ይላኩልኝ። እሱን ይዤ ሰልፉ ፊት እቆማለሁ፤ ያኔ ማን ማንን ይቅርታ እንደሚጠይቅ እናያለን።

አክባሪዎ ክብሪት

እናቴ ስልክ ቁጥርዎን ጠይቂ ብላኝ ነበር። አይስጡኝ። ስልክ ላይ ቶሎ እጣላለሁ፤ ደብዳቤ ግን ፖስታ ቤት እስኪደርስ ይበርዳል።

✽

ኅዳር 20

ለክብሪት፣

ይህ ወረቀት ደጃፋችሁ ሲደርስ ዝናቡ አባርቶ፣ ጣሪያው እንባውን ጠርጎ ያግኛችሁ። ለእናትሽ ናፍቆቴን ንገሪልኝ። እሷን የማስታውሳት ጫማዬ ውስጥ ሁለት እግሯን ባንዴ አስገብታ ስትወድቅ ነው።

ደብዳቤሽ ሲመጣ ሥራ ላይ ነበርኩ። የምሠራው ሆቴል ውስጥ ነው፣ ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል። አንሶላው ከማድረቂያው ሞቆ ሲወጣ እኔና መስማት የማትችል ጓደኛዬ ጫፍና ጫፉን ይዘን እናጥፈዋለን። እንቀራረባለን፣ እንራራቃለን፣ ደግሞ እንቀራረባለን። ዘፈን የሌለው ጭፈራ ነው። አንዳንዴ አንሶላው መሃላችን ነፋስ ይሞላና ጓደኛዬ ትጠፋብኛለች፤ ቀጥሎ ፊቷ ከወዲያ ማዶ ብቅ ይላል፣ እንደ ጨረቃ።

ሆቴሉ ያው ነው። አዎ፣ ያው ራሱ። ያኔ አዳራሽ የነበረው አሁን ቁርስ ቤት ሆኗል። ጠዋት ጠዋት የጠረጴዛ ልብስ ታቅፌ በመድረኩ ላይ አልፋለሁ። እንጨቱ አንድ ቦታ ላይ ሲረገጥ ድምፅ ያወጣል፤ ያኔም ያወጣ ነበር። እዚያ ጋ ስደርስ እግሬ ራሱ ቀስ ይላል።

ያን ጊዜ ከሰዓት በኋላ «ፊታችሁ ይረፍ» ተብለን በግድ እንጋደም ነበር። መጋረጃው ይዘጋል፤ ግን ከሥሩ የባሕሩ ብርሃን ሾልኮ ይገባና ጣሪያው ላይ ይዋኛል። ያ ሁሉ ሴት ልጅ በጀርባው ተኝቶ ጣሪያ ያያል። የአንዳችን ቋንቋ ለአንዳችን አይገባም። አንዷ ውሃ ሲጠማት በጣቶቿ ዝናብ ትሠራ ነበር፤ እኛም እየሳቅን ዝናቡን እየተቀባበልን እስከ ውሃው ማሰሮ ድረስ እናደርሰዋለን። ተነስተን ደግሞ ራሳችን ላይ መጽሐፍ አስቀምጠን ኮሪደሩን እንመላለሳለን። መጽሐፉ ምን እንደሚል ያነበበ አልነበረም።

ፎቶውን ፈልጌ አላገኘሁትም። በምትኩ ያን ዕለት ጸጉሬ ላይ የነበረውን ማስያዣ ልኬልሻለሁ።

ወንድሜ ዓይኑ እንዴት ነው? ዛሬም ራሱ ነው ክር የሚያስገባው? ስለ ቴሌግራሙ የሚለው ነገር አለ? አትጠይቂው፤ እንዲሁ አየት አድርገሽ ጻፊልኝ።

ለልጅቷ ጥርስ አዘንኩ። ጥርስ መልሶ አይበቅልም።

አክስትሽ

✽

ታኅሣሥ 12

ውድ አክስቴ፣

ሰላምታውን ባጭሩ፦ ደህና ነን። (እናቴ ይህን አላየችም።)

ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ያምራል። አንሶላው ያምራል፣ በጣቷ ዝናብ የምትሠራዋ ታምራለች። ግን እኔ ዘውድ ብጠይቅዎት እርስዎ ጣሪያ ላኩልኝ። ጣሪያማ እኛም አለን፣ ያፈሳል እንጂ።

የጸጉር ማስያዣውን ይዤ ፎቶ ቤቱ ድረስ ሄድኩ። ልጅቷ በር ላይ ቆማ ነበር። «ይኸውልሽ!» አልኳት። ተቀበለችኝ፣ ገለበጠችው፣ «ይሄማ እናቴም አላት» ብላ መለሰችልኝ። ስትስቅ ያ ጥርሷ ጎዶሎ ነው። ልናደድ ተዘጋጅቼ ጎዶሎው አሳዘነኝ። ማዘኔ ደግሞ የባሰ አናደደኝ።

ጋሼን እንዳሉኝ አየኋቸው። ክር ራሳቸው ናቸው የሚያስገቡት፤ በምራቅ እርጥብ፣ አንድ ዓይን ጨፈን፣ ገባ። ጠዋት ሱቁን ሲከፍቱ የቴሌግራሙን መስታወት በእጅጌያቸው ይወለውሉታል። ምንም አይሉም። ደንበኞች «አሸናፊዋ እህትዎ ደህና ናት?» ሲሏቸው «እህቴ ደህና ናት» ይላሉ። አሸናፊ የምትለዋን ይዘሏታል። እኔ ይሄን ትሕትና ነው ያልኩት።

የሱቁ ሰሌዳ ቀለሙ ተላልጧል። «ድጋሚ ቀቢው፤ አንድ ፊደል እንዳትጨምሪ» አሉኝ። «ከሥሩ የዓለም አሸናፊ የሚል ልጻፍበት?» ብላቸው፣ «ሰሌዳው የሚለውን ብሏል» አሉኝ። ቀለሙን ገዝቼ ቆርቆሮው ሳይከፈት ተቀምጧል። እጄ እምቢ አለ። ፎቶው ይምጣና።

ካልሆነም ፎቶው ይቅር። አንዲት ጥያቄ ብቻ ይመልሱልኝ። ስንተኛ ወጣሽ?

ይቅርታ፣ ወጡ።

አይ፣ ይሁን፣ አልሰርዘውም። ስንተኛ ወጣሽ?

ክብሪት

✽

ጥር 25

አክስቴ!

ፖስተኛው ሲያየኝ መንገድ መሻገር ጀምሯል። ምን አደረግኩት? «ከውጭ ደብዳቤ የለም?» ብቻ ነው የምለው፣ ትንሽ ጮክ ብዬ።

ጓደኞቼ ፈተና ጨርሰው በሱቁ በር ያልፋሉ። እኔ የሰው ሱሪ እያሳጠርኩ በመስኮት አያቸዋለሁ። አንቺ የምትልኪልኝ አንዲት ቁጥር ናት ከዚያ ወንበር የምታነሳኝ። አንቺ ብያለሁ። እርስዎ የሚባለው መልስ ለሚሰጥ ሰው ነው።

ወይ ፎቶ፣ ወይ ቁጥር።

ምርቃት የለም። የምርቃቱን ቦታ ከሥር ባዶ ትቼልሻለሁ፤ መልስሽን ካየሁ በኋላ እሞላዋለሁ።

ክብሪት

✽

የካቲት 18

አንቺ ላለችኝ ልጅ፣

አፍሽ እንደ ሰላ ይኑር፣ ልብሽ ግን ይረፍልሽ። እዚህ አገር ስሜን የሚጠራ አለ፣ «እመቤት» የሚለኝ አለ። በቋንቋችን ቆጣ ብሎ «አንቺ!» ያለኝ ግን ከሄድኩ ወዲህ የለም። ደብዳቤሽን ይዤ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። እናቴ ከግቢ የጠራችኝ መሰለኝ።

እሺ። ልንገርሽ።

ከመሄዴ በፊት ወንድሜ ሊለካኝ ሜትሩን ወገቤ ላይ አዞረ። «ትንፋሽሽን ልቀቂ» አለኝ። «ለቅቄያለሁ» አልኩት። አልለቀቅኩም ነበር። ቀጭን መባል አምሮኝ ትንፋሼን ሆዴ ውስጥ ይዤ ቆምኩ። እሱም ቁጥሩን ጻፈ፣ ልብሱን ሰፋው። እንዴት ያለ ልብስ መሰለሽ! የንጋት ሰማይ ዓይነት ነው፤ ሰማያዊ ልበልሽ ነጭ ልበልሽ አላውቅም።

የውድድሩ ዕለት ከመጋረጃው ኋላ ተሰልፈን ሙዚቃው ጀመረ። ፈራሁ። ሰው ሲፈራ ደግሞ ይተነፍሳል። በረጅሙ ተነፈስኩ፤ ጀርባዬ ከላይ እስከ ታች ጣጣጣጥ አለ። ተቀደደ። የምቀርበው ከጥቂቶች በኋላ ነው። በእጄ ጨብጬ ማልቀስ ጀመርኩ።

ያቺ ዝናብ የምትሠራዋ ልጅ መጀመሪያ አየችኝ። ሮጠች። ሆቴሉ በየክፍሉ መሳቢያ ውስጥ ትንሽ የመርፌና የክር ካርቶን ያስቀምጣል። እሷ የራሷን ይዛ መጣች፤ ሌላዋም የራሷን፤ ሌላዋም። አንዷ ቀይ ክር፣ አንዷ አረንጓዴ፣ አንዷ ጥቁር። ቆሜ ጀርባዬ ላይ ሰፉት። ያ ሁሉ ጣት፣ ያ ሁሉ ትንፋሽ አንገቴ ላይ። አንዷ ታንጎራጉር ነበር። ዘፈኑን አላውቀውም፤ ግን ዛሬም አንሶላ ሳጥፍ ይመጣብኛል። ከኔ ጋር የሚወዳደሩ ልጆች እኮ ናቸው። የኔ መቅረት ለነሱ አንድ ሰው መቀነስ ነበር።

ወጣሁ። እንጨቱ ድምፅ አወጣ። መብራቱ እንደ ሞቀ ውሃ ነበር፤ የምዋኝ ነው የመሰለኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ያጌጥኩበት የለም።

ከዚያ ስም ተጠራ። የኔ አልተጠራም። ስንተኛ ብለሽኛል፤ ቁጥር የሚሰጠው ለተጠሩት ነው። ያልተጠራ ሰው ቁጥር የለውም። ዘውዱን የጫነችውን ከሩቅ አየኋት፤ አንድ ክንዷ ላይ የኔ ቀይ ክር ቁራጭ ተጣብቋል። ደስ አለኝ፣ እመኚኝ።

በማግስቱ ለወንድሜ ቴሌግራም ላክኩ። እናታችን አዲስ ልብስ በለበስን ቁጥር «ተሸለምሽ፣ ተሸለምክ» ነበር የምትለን። እኔም ልብስህን ለብሼ፣ አጊጬ መድረኩ ላይ ወጣሁ ለማለት «ተሸልሜ ወጣሁ» ብዬ ጻፍኩ። ረጅም ቴሌግራም የሚልክ ማን አለ? ከዚያ ከሰፈር ደብዳቤ መጣ፦ «ዓለምን ያሸነፍሽ ልጃችን፣ እንኳን ደስ ያለን፤ ሰፈሩ ሲጨፍር አደረ።» ላስተካክለው ብዕር አነሳሁ። ነገ እጽፋለሁ አልኩ። ነገ ሄዶ ሄዶ እዚህ ደረሰ። ወንድሜ ደግሞ መርፌ እንጂ ብዕር የሚይዝ ሰው አይደለም፤ የሱን ቃል ሰምቼ አላውቅም። ብቻ ሱቁን «ሽልማት» አለው ሲሉኝ መመለሻዬ ተዘጋ። ሰው እንዴት በውሸት ሰሌዳ ሥር አልፎ «እንዴት ዋላችሁ» ይላል?

ማስረጃ ብለሽኛልና ልብሱን ራሱን በጥቅል ልኬልሻለሁ። ደብቂው። ለወንድሜ እንዳትነግሪ፣ በሞትኩት። የሱን ፊት ነው የምፈራው።

የፎቶ ቤቱን ልጅ ይቅርታ ጠይቂያት። አፍራ ነው የቀረችው ያለችው ልክ ናት።

አክስትሽ

✽

መጋቢት 22

አክስቴ፣

ተናድጃለሁ። እሱን አስቀድሜ ልበልና ይውጣልኝ። እኔ ጥርስ የሰበርኩት ለማን ነው? ዘውድ ለሌላት! ከትምህርት ቤት የወጣሁት ለምንድነው? ለአንዲት የቴሌግራም ቃል! አንቺ ትንፋሽሽን ያዝሽ፣ እኔ ታፈንኩ። በቃ፣ ወጣልኝ። አሁን የሆነውን ስሚ።

ደብዳቤሽ ቤት መጣ፣ ጥቅሉ ግን ሱቅ። ደብዳቤውን አንብቤ ጆሮዬ እየጨሰ ሱቅ ስደርስ ጋሼ ጥቅሉን ፈትተው ልብሱን መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ዘርግተውታል። የስፌት መኪናው ቆሟል። ሬዲዮኑ ጠፍቷል። ብርሃኑ በበሩ ገብቶ ልብሱ ላይ ተኝቷል። የንጋት ሰማይ ያልሽው እውነት ነው፤ ሱቁ በሙሉ ነጋ።

«ነይ እዚህ» አሉኝ። ገለበጡት። «ልብስ የሚነበበው በውስጡ ነው።» ጀርባው ያ ሁሉ ክር፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ጥቁር፣ ቢጫ፣ ልጅ የሣለው መንገድ ይመስላል። በጣታቸው ጫፍ እየሄዱበት፣ «ይቺ ግራኝ ናት» አሉ። «ይቺን አያቷ ናት ያስተማረቻት፤ ቋጠሮው የድሮ ነው። ይቺ ደግሞ መርፌ ይዛ አታውቅም። ጣቷን ወግታዋለች፤ ይኸው ነጥቧ። ግን ጨርሳለች።»

ቡናማ ነጥብ ናት፣ የቁንጫ ታህል። እሷን ሳይ አልቻልኩም።

«አላሸነፈችም!» ብዬ ጮህኩ። «አልተጠራችም! ዋሽታናለች!»

ጋሼ ቀና እንኳን አላሉም። «ማን አሸነፈች አለ?»

«ቴሌግራሙ ነዋ!»

«እስቲ አንብቢው።»

«ተሸልሜ ወጣሁ።»

«እኮ። ተሸለመች። ልብሴን ለበሰች፣ አጌጠች፣ ወጣች። እናታችን ካልሲ እንኳን ስንቀይር ተሸለማችሁ ነበር የምትለን። አንቺ ምን መስሎሽ ነው?»

«ሰፈሩ በሙሉ ዋንጫ ነው የመሰለው!»

«ሰፈሩ መቼ ልብስ ሰፍቶ ያውቃል?»

«ሰሌዳውስ?»

«ልብስ ስፌት ቤት ነው፤ ሰው ገብቶ ይሸለምበታል። ምን ልበለው፣ ሥጋ ቤት?»

አፌን ከፍቼ ቀረሁ። አክስቴ፣ እኔ ሰውን አፉን አስከፍቼ አውቃለሁ እንጂ የራሴ ተከፍቶ አያውቅም። «ታዲያ ይሄን ሁሉ ጊዜ ለምን ዝም አሉ?» አልኳቸው።

«ሲጨፍሩ ማን ይሰማኛል? ከጭፈራው በኋላ ደግሞ የሚጠይቀኝ ጠፋ።» ከዚያ ድምፃቸው ቀነሰ። «የቀረችው በዚህ ነው?»

ራሴን ነቀነቅኩ። ወንበሩን ስበው ተቀመጡ። «እኔ እኮ በልብሱ ተቀይማኝ መስሎኝ ነበር» አሉ። «ስለካት ትንፋሿን ይዛ ነበር። ያወቅኩት ገና ሜትሩን ሳዞር ነው። ብነግራት ትጣላኛለች ብዬ በቁጥሯ ሰፋሁላት፤ ከውስጥ ግን በየስፌቱ ሁለት ጣት ትርፍ ጨርቅ ተውኩ፣ ሲጠባት ትለቀዋለች ብዬ። መንገር ነበረብኝ። ይኸው፣ እነዚህ ልጆች መርፌያቸውን ያሳረፉት ትርፉ ላይ ነው። ትርፍ ባይኖር ምኑን ይሰፉት ነበር?»

ስለዚህ አንቺ እዚያ የሱን ፊት ትፈሪያለሽ፤ እሳቸው እዚህ ያንቺን ቅያሜ ይፈራሉ። መሃላችሁ የነበረው ሁለት ጣት ጨርቅ ነው። ባሕር አይደለም።

ለወንድሜ አትንገሪ ብለሽኝ ነበር፤ ነገርኩ። ክብሪት ላይ ምሥጢር ያስቀመጠ ሰው ጭስ አየሁ ብሎ አይቆጣም።

አሁንም ትንሽ ተናድጃለሁ። ትንሽ ነው።

ክብሪት

✽

ሚያዝያ 20

ልጄ፣

ድገሚልኝ። «ማን አሸነፈች አለ» ሲል ፊቱ እንዴት ነበር? ሌላውን ሁሉ ጽፈሻል፣ ፊቱን ረስተሻል።

ደብዳቤሽን ያነበብኩት ሥራ ላይ ነው። ጓደኛዬ የአንሶላውን ጫፍ ይዛ ትጠብቀኛለች፤ የኔ ጫፍ መሬት ወድቋል። ምን ሆንሽ አለችኝ በእጇ። እኔም በእጄ ነገርኳት፦ ሁለት ጣት አሳየኋት። አልገባትም፤ ግን አብራኝ አለቀሰች፣ ከዚያ አብራኝ ሳቀች። አንሶላውን ድጋሚ አጠብነው።

ዛሬ ጠዋት መድረኩን ሳቋርጥ እንጨቱ ላይ ሆን ብዬ ቆምኩ። ቁርስ የሚበሉት ሰዎች ቀና ብለው አዩኝ። እኔም አየኋቸው። ከመስኮቱ ውጭ ባሕሩ ልክ የዚያን ጊዜው የከሰዓት ባሕር ነበር፣ ብርሃኑን ጣሪያ ላይ ይበትናል።

ልመጣ ነው። በሰኔ።

አዲስ ልብስ ይስፋልኝ በይው። ልኬ እንደ ድሮው አይደለም። ወገቤን በክር ለክቼ፣ ጫፉን ቋጥሬ ልኬዋለሁ።

አክስትሽ

✽

ግንቦት 15

ለጋሼ እህት፣

ጣሪያው ደርቋል። እናቴ ቤቱን ከአሁኑ ታጥባለች፤ በሰኔ ትመጣለች ብላት «ወለሉ ይህን አያውቅም» አለችኝ።

ፊታቸው እንዴት ነበር ላልሽኝ፦ መርፌ ውስጥ ክር ሊያስገቡ ሲሉ እንደሚሆነው ነበር። አንድ ዓይን ጨፈን፣ ዝም። ያንቺን «ልመጣ ነው» ሳነብላቸው ደግሞ ክሩ ሲገባ እንደሚሆነው።

የላክሽውን ክር አይተው ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱት። «ሰው በክር አይለካም፤ ክር አይተነፍስም» አሉ። ጨርቁ ተገዝቷል፤ መደርደሪያ ላይ ነው፤ መቀስ አልነካውም። ራስሽ ካልመጣሽ አይቆረጥም ተብሏል።

አሁን የኔን ስሚ። ባለፈው ሳምንት የፎቶ ቤቱ ልጅ ለትምህርት መዝጊያ ልብስ ልታሰፋ ሱቅ መጣች። ጋሼ ከበር ሲያዩዋት «ቁልፍ ልገዛ» ብለው ወጡ። የቁልፍ ሳጥናችን እኮ አልዘጋ ብሎ በጡብ ነው የምንጫነው። ጥለውኝ ሄዱ።

«ሌላ ሰው የለም?» አለችኝ።

«የለም። ክንድሽን አንሺ።»

ሜትሩን ወገቧ ላይ አዞርኩ። ሆዷ ገባ።

«ትንፋሽሽን ልቀቂ።»

«ለቅቄያለሁ።»

አክስቴ፣ ሳቄ መጣ። አንቺን ነው ያየሁት፣ እዚያው ቦታ፣ እዚያው መስታወት ፊት። «አለቀቅሽም» አልኳት። «አክስቴም እንደዚህ ብላ ነው መድረክ ልትወጣ ስትል ልብሷ የተቀደደባት።» ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት፣ እስከ ቁንጫዋ ነጥብ። ልብሱንም አውርጄ ገልብጬ አሳየኋት። ቀዩን ክር በጣቷ ነካችው።

«እና አላሸነፈችማ» አለች።

«አላሸነፈችም።»

«አፍራ ቀረች ያልኩትስ?»

መርፌዎቼን አፌ ውስጥ ከትቼ ወደ ጠርዙ ጎንበስ አልኩ። «ይቅርታ» አልኩ።

«ምን አልሽ?»

«ም።»

«መርፌውን አውጪና ተናገሪ!»

አወጣሁ፣ አንድ በአንድ፣ የመርፌ ትራሱ ላይ ሰካሁ። ቀና አልኩ። ጥርሷ ፊት ለፊቴ ነው። «ጥርስሽን ስለሰበርኩት ይቅርታ» አልኩ። «ልክ ብትሆኚም ባትሆኚም።»

 ትንፋሿን ለቀቀች። ሜትሩ እጄ ላይ ሰፋ፣ ሁለት ጣት። የጻፍኩት እሱን ቁጥር ነው። ትርፍም ተውኩላት፣ እንዲያውም ነግሬያታለሁ።

ሰኞ ሰልፍ ላይ እቆማለሁ። እሷ «እኔማ ይበቃኛል» ብላ ነበር፤ ግን ቆርቆሮው የበረረው ክፍሉ ሁሉ እያየ ነው፤ ሱቅ ውስጥ አንሾካሹኬ አልጨርሰውም። ጋሼ ዩኒፎርሜን ከጎኑ ለቀውልኛል። «ሳትማሪ አድገሻል» አሉኝ።

ሰሌዳውን ቀባሁት። አንድ ፊደል አልጨመርኩም። «ሽልማት ልብስ ስፌት»፣ ያው ራሱ። መሰላሉ ላይ ቆሜ ሳነበው ግን ሌላ ሰሌዳ ነው። አንቺም በሥሩ ስታልፊ ታያለሽ፤ ውሸት የለበትም።

በጥር ደብዳቤዬ ባዶ የተውኩት የምርቃት ቦታ አለብኝ። ስመርጥ ስመርጥ ከረምኩ፤ የእናቴ ምርቃቶች ሁሉ ረጃጅም ናቸው። ያንቺ እናት ቃል ግን እዚሁ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎልኛል። ስለዚህ ይኸው፦

ተሸልመሽ ግቢ።

ክብሪት